ቅጠል ጠቅላዩ ትልና የወይራ ችግኝ፦ ከጣና ዳርቻ አንድ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳር ዳርቻ፣ ከጣና ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ አንድ ችግኝ ጣቢያ የገጠመውን ይመዘግባል። የጣቢያውንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። እኔ ጉዳዩን የተከታተልኩት የጣቢያው ልጆች "እስቲ መጥተህ እየው" ብለው ስለጠሩኝ ነው። ከመጋቢት እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ እየተመላለስኩ አይቻለሁ።

ጉዳዩ እንዲመዘገብ የፈለግኩበት ምክንያት አለኝ። ችግኙን የበላው ተባይ ከውጭ የመጣ ወራሪ አይደለም። ከወይራው ጋር አብሮ የኖረ አገር በቀል የእሳት ራት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ነባር ተባይ የሚያዝበት መንገድ ከወራሪ ተባይ ይለያል። ጣቢያው ይህን እስኪረዳ ድረስ ግን ገንዘብ ባክኗል፣ ችግኝም ጠፍቷል። ሌላው ጣቢያ ያንኑ እንዳይከፍል እፈልጋለሁ።

ጣቢያውና ወይራው

ጣቢያውን የሚያንቀሳቅሱት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ቡና፣ ጌሾ፣ ግራቪሊያና ወይራ ያፈላሉ። ቤታቸውን የሚደጉመው ቡናውና ጌሾው ነው። ወይራው ግን ክብሩ ይለያል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር 350 ሚሊዮን ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ ወደ እነሱ ጣቢያ መጥቶ አገር በቀል ዛፍ የሚጠይቀው ሰው በዝቷል። ዋነኞቹ ጠያቂዎች አብያተ ክርስቲያናት ናቸው።

ወይራን እዚህ የማያውቅ የለም። ጋንና እንስራው የሚታጠነው፣ የወተት ዕቃው የሚታጠነው በወይራ ነው። መፋቂያውም ዱላውም ከእሱ ይወጣል። የሳይንስ ስሙ ኦሊያ ዩሮፒያ፣ ንዑስ ዝርያው ከስፒዳታ ይባላል። በሜዲትራኒያን አገሮች ለዘይት የሚለማው ወይራ የቅርብ ወንድሙ ነው። የእኛው የዱር ወይራ ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ፣ በኢትዮጵያና በዓረብ ምድር አልፎ እስከ ቻይና ድረስ ይበቅላል።

ችግኙን ማፍላት ትዕግሥት ይጠይቃል። የፍሬው ቅርፊት ድንጋይ ነው። ጣቢያው ውስጡን ሳይጎዳ ቅርፊቱን በጥንቃቄ እየሰነጠቀ ይዘራል። እንደዚያም ሆኖ ብቅ የሚለው ቶሎ አይደለም፤ ጨርሶ የማይበቅለውም ብዙ ነው። ከበቀለ በኋላም ዝግተኛ ነው። ስለዚህ አንድ የወይራ ችግኝ ጫፉን ሲያጣ የሚባክነው ጊዜ ከቡና ወይም ከግራቪሊያ ጋር አይወዳደርም።

በዚያ ዓመት በአቅራቢያው ያለ ደብር ለቅጥሩ ደን ዳርቻ የሚሆን የወይራ ችግኝ አስቀድሞ አዝዞ ነበር። ለመትከል የታሰበው በሐምሌ ነው።

ስለ ጣቢያው አንድ ነገር ልጨምር። በምሥራቅ በኩል ባለው አጥር ላይ ጠንበለል ተንጠላጥሏል። ነጭ አበባው ማታ ማታ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። የወይራ መደቦቹ የተሠሩት ልክ በዚያ አጥር ሥር ነበር፤ ጥላ ስለሚያገኙ። ጠንበለል፣ በሳይንስ ስሙ ጃስሚነም አቢሲኒከም፣ ከወይራ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ቤተሰቡ ኦሊያሴ ይባላል። በመልክ ምንም አይመሳሰሉም። አንዱ ሐረግ ነው፣ ሌላው ዛፍ። በመጀመሪያ ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ችግሩ

መጋቢት ላይ የወይራ ችግኞቹ ጫፍ መኮማተር ጀመረ። ከላይ ያሉት ሁለት ሦስት ለጋ ቅጠሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ቆሙ። ዝቅ ብለው ባሉት ቅጠሎች ላይ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ወጡ።

መላ ምቱ በዛ። አንዷ "ውሃ አንሶታል" አለች። ሌላው "ፀሐይ መታው" አለ። "ዓይን በላው" ያሉ ጎረቤትም አልጠፉም። በመጨረሻ የተስማሙት በውሃውና በማዳበሪያው ነው። ውሃ ጨመሩ፤ ትንሽ ዩሪያም በውሃ በጥብጠው አጠጡ። ወይራው አዲስ ቀንበጥ አወጣ፤ ደስ አላቸው። ደስታው ብዙም አልቆየም። አዲሱ ቀንበጥ ከአሮጌው ይልቅ በፍጥነት ተጠቀለለ። ተባዩ የሚፈልገው ለጋውን ቅጠል ነበርና ማዕዱን አስፍተውለታል።

ቀጥሎ ኬሚካል መጣ። ከከተማ አንድ ፀረ ተባይ ተገዛ። ሻጩ የትኛው ተባይ እንደሆነ አልጠየቀም፤ ገዢዎቹም የሚመልሱት አልነበራቸውም። በጀርባ መርጫ ረጩት። ከሳምንት በኋላ ጥቅልሎቹ እንዳሉ ነበሩ። እንደገና ረጩ። በዚህኛው አንዳንድ ለጋ ጫፍ በመድኃኒቱ ተቃጠለ፤ ትሉ ግን ውስጥ ሆኖ ይበላል። ጎረቤት ንብ የሚያነቡ ሰው በዚያ ሰሞን አቤቱታ ይዘው መጡ። የጣቢያው ውሃ መውረጃም ወደ ሐይቁ ያደላል። የጣና ሐይቅ አካባቢ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል (ተፈጥሮውና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ስፍራ) ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ምዝገባው ባይኖርም እንኳ ዓሣ በሚጠመድበት ውሃ ዳር በግምት ኬሚካል መርጨት የሚያስደነግጥ ነገር ነው።

መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ ግልጽ ነው። የተገዛው ሲነካ የሚገድል ዓይነት ነው። ትሉ ደግሞ ቅጠሉን በሐር ሰፍቶ ውስጥ ተቀምጧል። የሚነካው ጠብታ አይደርሰውም።

የደብሩ አባ ሊያዩ የመጡት በዚህ መሃል ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ "አባ፣ እንዲህ ሆኖ እንዴት አድርገን እንስጥዎ?" አለቻቸው። ችግኙን ጎንበስ ብለው አዩና "ልጄ፣ ይኼ እኮ በእኛም ቅጥር አለ። ትልልቁን ወይራ ግን ምንም አላደረገውም" አሏት። ማንም ልብ ባይለውም፣ ከዚያን ቀን በፊት ከተባለው ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነበር።

ትሉ ማን እንደሆነ

እኔ ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅኩት አንድ ጥቅልል እንድንከፍት ነው። እስከዚያ ድረስ የተከፈተ አልነበረም፤ ይቀጠፍና ይጣላል።

የወይራ ቅጠል ጠባብ ስለሆነ ትሉ እንደ ጎመን ቅጠል ሊጠቀልለው አይችልም። የሚያደርገው ሌላ ነው። የጫፉን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ፊት ለፊት ያጋጥምና በነጭ ሐር ይሰፋቸዋል። ስፌቱን በጥፍር ስንለያየው ክሩ ተሳበ። ውስጡ ጥቁር ፍርፋሪ የመሰለ ኩስ ተከማችቷል። ከኩሱ በላይ አረንጓዴ፣ ገላው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ትል ተጋድሟል። ስንነካው ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ሸሸ። ከሁለቱ ቅጠሎች መካከል ያለው የማደጊያ ጫፍ ተበልቶ አልቋል።

እነዚያ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦችም ምስጢራቸው ታወቀ። ገና የተፈለፈለው ትንሽ ትል ቅጠሉን አይበሳውም። ከሥር በኩል ያለውን ሥጋ ይግጥና የላይኛውን ስስ ሽፋን ይተወዋል። ሲያድግ ነው መስፋትና ሙሉ ቅጠል መብላት የሚጀምረው።

ከዚያ ያደረግነው ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ጥቅልሎችን ከነቀንበጣቸው በጠርሙስ አስገባን፤ አፉን በስስ ጨርቅ አሰርን፤ ለጋ የወይራ ቅጠል እየቀያየርን ጠበቅን። ትሎቹ መብላት አቆሙና በዚያው በተሰፋው ቅጠል ውስጥ ቡናማ ፒዩፓ ሆኑ፤ ፒዩፓ ትሉ ሳይበላ ቆይቶ ወደ እሳት ራት የሚለወጥበት ደረጃ ነው። በመጨረሻ ነጭ የእሳት ራት ወጣች። ክንፏ ሲዘረጋ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይነበብበታል ማለት ይቻላል። ብርሃን ሲያርፍበት ቀለም ይለዋውጣል። የፊት ክንፉ ጠርዝ ላይ ብቻ ቀጭን ቡናማ መስመር አለ።

በነፍሳት ላይ ለሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ናሙናውን ወሰድነው። ስሟ ፓልፒታ ቪትሪያሊስ ነው። በቆዩ የወይራ መጻሕፍት ፓልፒታ ዩኒዮናሊስ እየተባለች የምትጠራውም እሷው ናት። የምትመደበው ክራምቢዴ ከተባለው የእሳት ራት ቤተሰብ ነው። በአፍሪካ ያሉ ዘመዶቿ በክንፍ መልክ በጣም ስለሚመሳሰሏት ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የሆድ ጫፏን ሳያይ አልፈረመም። ምግቧ በዋናነት የወይራ ቤተሰብ ነው፦ ወይራ፣ ጠንበለልና ሌሎች ጃስሚኖች፣ በከተማ ለአጥር የሚተከለው ሊጉስትረም። በግብፅ፣ በስፔንና በጣሊያን የዘይት ወይራ አልሚዎችም ያውቋታል። እዚያም ቢሆን ጉዳቷ የሚበረታው በችግኝና በወጣት ዛፍ ላይ ነው። ትልቅ ዛፍ ብዙ ጫፍ አለው፤ ጥቂቱ ቢበላ አይሰማውም። አባ ያሉት በትክክል ይኸው ነው።

ጠርሙሶቹ ሌላም ነገር አሳዩን። ከአንዳንዱ የእሳት ራት አልወጣም። ትሉ ደርቆ፣ አጠገቡ 3 ሚሊ ሜትር የሚያህል ነጭ የድር ጥቅል ተገኘ። ከእሱ የወጣችው በጣም ትንሽ ጥቁር ተርብ ናት። እናቲቱ ተርብ እንቁላሏን በትሉ ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ልጇ ትሉን ከውስጥ በልቶ ይጨርሰዋል። ማኅበሩ ሁለት ጊዜ ሲረጭ ይህችንም ተርብ አብሮ ሲገድል ነበር። እሷ ደግሞ እንደ ትሉ ጥቅልል ውስጥ አትደበቅም። ከቅጠል ቅጠል እየበረረች ስለምትፈልግ መድኃኒቱ ቀድሞ የሚያገኛት እሷን ነው።

የተሞከሩት መንገዶች

ስሟ ሲታወቅ ዓይን ሁሉ ወደ አጥሩ ዞረ። ጠንበለሉን ሲከፍቱት እውነትም በየጫፉ ተሰፍቷል። የጠንበለል ቅጠል በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ ነው፤ ትሉ ሦስቱን እያቀፈ ይሰፋቸዋል። ወጣቶቹ ያኔውኑ ገጀራ አነሱ። ግማሹን አጥር አራገፉት።

እኔ ሁሉም እንዳይቆረጥ ለመንኩ። ምክንያቴ ሁለት ነበር። የእሳት ራቷ ትበራለች፤ በጎረቤት ግቢ ሌላ ጠንበለል አለ፣ በደብሩ ቅጥር ብዙ ወይራ አለ። የአንድ አጥር ሐረግ ቢወገድ ምንጩ አይደርቅም። በዚያ ላይ በጠንበለሉ ጥቅልሎች ውስጥ ያ ነጭ የተርብ ጥቅል በብዛት ይገኝ ነበር። ጠላቷንም የሚያረባው ያው ሐረግ ነው። የሆነውም እንደተፈራው ነው። ጠንበለሉ በተራገፈበት በኩል ያሉት መደቦች ከሌሎቹ የተሻሉ አልሆኑም። ስለዚህ የቀረው ሐረግ ተትቶ የወይራ መደቦቹ ወደ ምዕራቡ ጥግ ተዛወሩ። ጥላው በሣር ዳስ ተተካ።

አመድና የነጭ ሽንኩርት ውሃም ተሞክሯል። አመዱ ውሃ ሲጠጣ ታጠበ፤ የሽንኩርቱ ውሃ በተሰፋው ቅጠል ላይ ያመጣው ለውጥ አልታየም።

አጎበር ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ አጀማመሩ ግን ተበላሸ። ያረጁ አጎበሮች ተሰብስበው ቀዳዳቸው ተሰፋና መደቡ ላይ ተወጠሩ። (ቤት ውስጥ የሚያገለግል አጎበር ለችግኝ አይሰጥም። ባሕር ዳር ወባ ያለባት ከተማ ናት።) ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጫጭ የእሳት ራቶች ከአጎበሩ ውስጥ በኩል ተለጥፈው ተገኙ። በጥቅልሎቹ ውስጥና በችግኝ ማፍያ ፕላስቲኮቹ መካከል በወደቀው ደረቅ ቅጠል ውስጥ የነበሩት ፒዩፓዎች ተፈልፍለዋል። ወጥተው መሄድ ስላልቻሉ እዚያው ችግኙ ላይ እንቁላል ጣሉ።

ሁለተኛው ሙከራ በቅደም ተከተል ተሠራ። መጀመሪያ ጥቅልል ሁሉ አንድ በአንድ ተለቀመ። የወደቀው ቅጠል ተጠርጎ ወጣ። ከሥራቸው የተገጡ ቅጠሎችም ተቀጠፉ። አጎበሩ የተወጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ጠርዙ በአፈር ተቀበረ፤ የሚገለጠው ለውሃና ለአሰሳ ብቻ ሆነ፣ እሱም በቀን። የእሳት ራቷ የምትንቀሳቀሰው በሌሊት ስለሆነ ቀን መግለጥ ብዙ አያሰጋም።

ለቀማው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ሥራ እሱ ነበርና። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወጣቶቹ ጥቅልል ባገኙ ቁጥር በሁለት ጣት ይጨፈልቁ ነበር። ፈጣን ነው። ግን ስንከፍት ከጥቅልሎቹ ከፊሉ ትል የለበትም። ትሉ ለቆት የሄደ ቤት ነው፤ ሸረሪት ገብታበታለች፤ ወይም ነጩ የተርብ ጥቅል አለበት። ሸረሪቷም ተርቧም ለጣቢያው የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ ሕጉ "መጀመሪያ ክፈት" ሆነ። ትል ከሆነ ይጨፈለቃል። የተርብ ጥቅል ከሆነ ቅጠሉ ተቀጥፎ ጠንበለሉ ሥር ይቀመጣል። ሥራው ዘገየ። ከመካከላቸው አንዷ ልጅ ግን ሳትከፍት በመንካት ብቻ መለየት ቻለች፤ ትል ያለበት ጥቅልል ሲነካ ይጠነክራል፣ ባዶው ይላላል። ሌሎቹንም አስተማረቻቸው።

የመብራቱ ነገር በአጋጣሚ ነው የተገኘው። የሌሊት ጥበቃው አምፖል ከወይራው መደብ በላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የእሳት ራት ደግሞ በብርሃን ይሳባል። ሰብሳቢዋ ዘበኛውን "ጋሼ፣ አምፖሉን ወደ በሩ ብናዞረው ይከፋዎታል?" ስትላቸው "ምን ይከፋኛል፣ ሌባውስ የሚመጣው በበሩ አይደል?" አሉ። ወጪ አልጠየቀም። ዩሪያውም ቆመ፤ ውሃውም ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ።

ቢቲ የሚባለውን ባክቴሪያ፣ ማለትም ባሲለስ ቱሪንጂንሲስን፣ ጣቢያው አልተጠቀመበትም። ዱቄቱ በቅጠሉ ላይ ተረጭቶ ትሉ ሲበላው ነው የሚሠራው፤ ንብንና ተርብን አይጎዳም። ለሚያገኘው ሰው ከኬሚካሉ በእጅጉ ይሻላል። የሚረጨው ግን ትሉ ቅጠል መጋጥ ሲጀምር፣ ሳይሰፋ በፊት ነው።

ምን ተገኘ

ከሁለተኛው አጎበር በኋላ የወጣው ቀንበጥ አብዛኛው ደኅና ሆነ። ጥቅልል ጨርሶ አልጠፋም። በየአሰሳው የሚገኘው ግን በእጅ የሚለቀም ያህል ብቻ ሆነ። ለውጡን ያመጣው የትኛው እርምጃ ነው ቢባል፣ የእኔ ግምት ለቀማው ከአጎበሩ ጋር ተደምሮ ነው። የመደቡ መዛወርና የአምፖሉ መዞር አግዘዋል፤ ለብቻቸው ግን በቂ አይሆኑም ነበር።

ጫፋቸውን ያጡት ችግኞች አልተጣሉም። ወይራ ከጎኑ ያቆጠቁጣል። ሁለት ሦስት ቀንበጥ ሲያወጣ ጠንካራው ተመርጦ ሌላው ተገረዘ። ቀጥ ብለው እስኪያድጉ ግን ለቀጣዩ ክረምት ተላለፉ። ደብሩ በሐምሌ የተቀበለው ከጠየቀው ያነሰ ነው። አባ አልተቆጡም። "ጤነኛውን ትንሽ ስጡኝ" ብለው ወሰዱ። በጣም የሚያሳዝነኝ በኬሚካሉ ተቃጥለው የደረቁት ችግኞች ናቸው። እነዚያን ትሉ አልገደላቸውም።

ለሌላ ጣቢያ የሚተርፈው

መደብ ከመሥራት በፊት በዙሪያው ያለውን ተክል በዘመድ መመልከት ይጠቅማል። የተባይ ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በተክሉ ቤተሰብ ነው፤ በመልኩ አይደለም። ወይራና ጠንበለል እንዲህ ናቸው። ጌሾና ቁርቁራም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ባምያና ጥጥ በየመንገዱ ዳር ከሚበቅለው ጎርጀጅት ጋር ይዛመዳሉ። ዘመድ አለ ማለት ይቆረጥ ማለት አይደለም። አገር በቀል ከሆነ ራቅ አድርጎ ማኖርና በሳምንት አንዴ ጫፉን ማየት ይበቃል። በዚህ ጣቢያ አሁን መጀመሪያ የሚፈተሸው የአጥሩ ጠንበለል ነው፤ እዚያ አዲስ ስፌት ከታየ የወይራው አሰሳ ይጠናከራል።

የተጠቀለለ ቅጠል ሁሉ የትል ሥራ አይደለም። መለያው ሐሩ ነው። የበርበሬ ወይም የቲማቲም ቅጠል ተኮማትሮ ክር ከሌለበት ቫይረስ፣ ክሽክሽ ወይም ሌላ ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት ይጠረጠራል። የሎሚ ለጋ ቅጠል ተጠማዞ ብርማ ጠመዝማዛ መስመር ካለበት ትሉ ያለው በቅጠሉ ቆዳ ውስጥ ነው፤ እሱ ሌላ የእሳት ራት ነው፣ መያዣውም ሌላ ነው።

መድኃኒት ለመግዛት የሚሄድ ሰው ቢያንስ ትሉን በጠርሙስ ይዞ ይሂድ። ሻጩ ምንም ሳይጠይቅ ዕቃ ካቀረበ ሌላ ሱቅ መሞከር ይሻላል።

አጎበር የሚወጥር ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ከእንቁላል እስከ የእሳት ራት ያለው ጊዜ በሞቃት ወቅት አንድ ወር ገደማ ነው። ለቀማው ከአጎበሩ በፊት አንዴ ተደርጎ አያበቃም። ያመለጠው ፒዩፓ እስኪፈለፈል ድረስ አጎበሩ ውስጥ በየጥቂት ቀኑ መታየት አለበት፤ ነጭ ክንፍ ከታየ ያን ቀን መያዝ ነው።

ችግኝ የሚያስረክብም ከመጫኑ በፊት ጫፍ ጫፉን ይፈትሽ። ማኅበሩ አሁን ለሚወስደው ሰው ሁለት ነገር ይነግራል። ችግኙ ከሰው ቁመት እስኪያልፍ ጥቅልል ሲታይ በእጅ ይለቀም። ከዚያ በኋላ ግን ይተውለት።